አንድ ቁጥቋጦ ሥር ያሳለፍኩት ክረምት

ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከአክስቴ ቤት ጀርባ አንድ ኮረብታ አለ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከብት እንዳይገባበት ተከለለ። አሁን ክትክታው፣ አጋሙና የወፍ ቆሎው ተጠላልፎ ሰው በቀላሉ አያሳልፍም። ያለፈውን ክረምት እዚያ ተቀምጬ አንዲት ወፍ ስጠብቅ ከረምኩ።

ወፏ ፕሪንያ ትባላለች። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በብዙ ቦታ አለች፤ ብርቅዬ አይደለችም። ክብደቷ ወደ 10 ግራም ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጣ ያለ፣ ጎኗ ደግሞ የማር መልክ አለው። ከዓይኗ በላይ ነጭ ሰረዝ አላት። ጅራቷ ግን ለቁመቷ በዛ ይላል። ወደ ላይ ቀስራ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዘዋለች። አክስቴን ስሟን ብጠይቃት፣ «ኧረ አንተ ልጅ! ወፍ ናታ፣ ሌላ ምን ትባል?» አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በከንቱ ጨረስኳቸው። ድምፅ እሰማለሁ፣ ተከትዬ እሄዳለሁ፣ ቁጥቋጦው ጭጭ ይላል። ሱሪዬን አጋም ቀደደው። ይባስ ብሎ ግማሹን ጊዜ የተከተልኩት ሌላ ወፍ ነበር። እንደ ግልገል «እኝ» የሚል ድምፅ ሰምቼ ጥሻ ውስጥ ስርመሰመስ፣ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አየኝ።

«ጋሼ፣ ግልገል ጠፍቶብዎት ነው?»

ወፍ እየፈለግኩ መሆኑን ስነግረው ሳቀ። «ያቺ እኮ ጅራተ አጭሯ ናት። የርስዎዋ ከዚያ ማዶ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። እንደ ፍየል የምትጮኸው ካማሮፕቴራ የምትባለው ናት፤ ጀርባዋ ግራጫ፣ ክንፏ አረንጓዴ። ሁለቱም እዚያው ጥሻ ውስጥ ይኖራሉ፣ ሁለቱም ጅራታቸውን ይቀስራሉ። ቢኖኩላር ተውሼ መጽሐፍ አገላብጬ ያልለየሁትን ልጁ በጆሮው ለየልኝ።

ከዚያ በኋላ መሄድ ተውኩ። ጋቢ ለብሼ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ወፎቹ ረሱኝ። ከእግሬ ሥር ሳይቀር አባጨጓሬና ጥንዚዛ ይለቅሙ ጀመር። አንዴ በስልኬ የቀዳሁትን የራሳቸውን ድምፅ መልሼ አጫወትኩ። ባልና ሚስቱ በቁጣ እየተንጫጩ ከበቡኝ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም አልበሉም። ድጋሚ አላደረግኩትም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንደኛዋ ቀጭን የሳር ልጥ ይዛ ስትገባ አየሁ። መቼም ይህን ያየሁበትን ጠዋት አልረሳውም። በምንቃሯ ቅጠሉን ትበሳለች፣ ልጡን በቀዳዳው ታሳልፋለች፣ ዞራ በሌላ በኩል ትጎትታለች። ለአክስቴ ስነግራት እጇ ላይ ወስፌና አክርማ ነበር፤ ሞሰብ እየሰፋች ነው። «ታዲያ ስፌተኛ ናት አትለኝም!» አለች። ጎጆው የኪስ ቅርጽ አለው፣ መግቢያው ከላይ በጎን በኩል ነው። ሲሠራ ሳሩ አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አይለይም። ከመሬት ያለው ከፍታ እስከ ጉልበቴ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ትንሽ መስታወት እንጨት ላይ አስሬ ወላጆቹ በሌሉበት ውስጡን አየሁ፤ ሦስት ሰማያዊ እንቁላል፣ ላያቸው ላይ ቡናማ ጭረት። እስከዚህ ደህና ነበር። ግን ፎቶው አላምር አለኝና ከፊት ያለውን አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ! በማግስቱ ጎጆው ተቀዶ ባዶውን አገኘሁት። እባብ ይሁን ሸለምጥማጥ አላየሁም። በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። ለሁለት ቀን ኮረብታው ላይ አልወጣሁም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከድሮው 15 እርምጃ ርቆ አዲስ ጎጆ ተሰፋ። አንዴ ብቻ በመስታወቱ አየሁ። ያው ሰማያዊ፣ ያው ጭረት። ከማዶ ያገኘሁት የሌላዋ እንቁላል ግን ነጭ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ነበረበት። በመጀመሪያ ሌላ ዝርያ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ዛምቢያ ውስጥ ቾማ በምትባል ከተማ አካባቢ ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት አጥንተዋል። አንዲት ፕሪንያ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት እንቁላል ነው፤ ከጎረቤቷ ጋር ግን አይገጥምም። ምክንያቱ ኩኩ ፊንች የምትባል ወፍ ናት። እንቁላሏን የሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። የእሷ ጫጩት ከተፈለፈለ የቤቱ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በረሃብ ያልቃሉ። ስለዚህ የእንቁላሉ መልክ እንደ ፊርማ ነው፤ ባለቤቷ የማታውቀውን ፊርማ ካየች አውጥታ ትጥለዋለች። ኩኩ ፊንቾችም ዝም አላሉም፤ አንዷ አንዱን ሌላዋ ሌላውን የፕሪንያ እንቁላል መልክ እያስመሰሉ ይጥላሉ። በእኛ ኮረብታ ኩኩ ፊንች አላየሁም። ፊርማውን ግን አየሁ። ሁለተኛውን ጎጆ የሰፋችው ያቺው እኔ የበደልኳት መሆኗን ያወቅኩት በእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ከ20 እርምጃ አልቀረብኩም። በየቀኑም መንገዴን እለውጥ ነበር፤ በአንድ መስመር ስመላለስ ሳሩ ተረግጦ ቀጥታ ጎጆው ጋ የሚያደርስ መንገድ ሊሆን እንደነበር ዘግይቶ ነው የታየኝ። እንቁላሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ታቀፈ፤ ጫጩቶቹም ሁለት ሳምንት ገደማ ጎጆ ውስጥ ቆዩ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ሲያድር እንቅልፍ የማጣው እኔ ነበርኩ።

እንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጁ እየሮጠ መጣ። አጋሙ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ቡፍ ያሉ የጥጥ ኳሶች። ጣቱን እየቀሰረ ቆጠራቸው።

«ሦስት ናቸው ጋሼ። ጅራት ግን የላቸውም። የጅራተ አጭሯ ልጆች እንዳይሆኑ!»

እኔም ለአፍታ ደነገጥኩ። ከዚያ እናታቸው ያንን ረጅም ጅራቷን እያወዛወዘች፣ አባጨጓሬ በአፏ ይዛ መጣች።