«ደከመዎት?» ብለን መጠየቅ ያቆምንበት ጉዞ

ከጓደኛ ጋር በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ መሄድና ከቤተሰብ ጋር መሄድ ለየቅል ናቸው። ጓደኛ ሲደክመው «እንቁም» ይላል፤ ካልቆምንለት ደግሞ ይሳደባል። ቤተሰብ ግን ይደብቃል። አባት በልጆቹ ፊት አይደክምም። ታናሽ እህት ሸክም ላለመሆን ስትል ጥርሷን ነክሳ ትነዳለች። ከኋላ የተፈናጠጠች ሚስት ወገቧ እየተቆረጠ «ምንም አልሆንኩም» ትላለች። አራት ሆነን በሦስት ሞተር ሳይክል ስንጓዝ ከመንገዱም ከነፋሱም በላይ ያስቸገረን ይህ መደባበቅ ነበር፤ ዘዴያችን ሁሉ የኋላ ኋላ እርሱን ለማሸነፍ የተበጀ ሆነ።

አባቴ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሞተር ሳይክል የነዱ ሰው ናቸው። እህቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ብዙም አልቆየች፤ የምትነዳው 250 ሲሲ ቀላል ሞተር ሳይክል ነው። እኔና ባለቤቴ በአንዱ ላይ ነን፤ እኔ እነዳለሁ፣ እርሷ ትፈናጠጣለች።

ክርክሩ የጀመረው ገና ከግቢ ሳንወጣ፣ በክብደት ነው። ሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ ጨምሮ ሊኖረው የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የእኔው 400 ኪሎ ግራም ነው። ነዳጅና ዘይት ሞልቶ ራሱ 215 ይመዝናል፤ 185 ይቀራል። እኔ 78፣ ባለቤቴ 61 ነን። የሁለታችን ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጓንትና ጫማ ሲመዘን 16 ሆነ። ለሻንጣ፣ ለመፍቻና ለውኃ የተረፈው እንግዲህ 30 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፤ ሦስተኛው ጥንድ ጫማ ማንም ሳይናገር ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። መፍቻዎቹን፣ የጎማ መለጠፊያውንና የእጅ ፓምፑን ደግሞ ለሦስቱም ሞተር ሳይክሎች አከፋፈልናቸው። ከባድ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መካከል ተጠግቶ ይታሰራል፤ ከኋላ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው የመኝታ ከረጢትን የመሰለ ቀላል ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ጫፍ ላይ የተቆለለ ክብደት የፊት ጎማውን ስለሚያቀለው መሪው ኩርባ ላይ ይዋልላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፊት መብራቱን ነው። ሰውና ሻንጣ ሲጫን የሞተር ሳይክሉ ጀርባ ይወርዳል፣ ፊቱ ይነሣል፤ መብራቱም አስፋልቱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን መውጋት ይጀምራል። ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁመን፣ ባዶውን እያለ መብራቱ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ አሰመርን። ከዚያ ባለቤቴ ወጣች፣ ሻንጣው ተጫነ፤ ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ ከአንድ ክንድ ያላነሰ ዘለለ። መጀመሪያ የኋላውን ሞላ አጠበቅነው፤ የቀረውን ልዩነት በመብራቱ ማስተካከያ ብሎን ወደ መስመሩ አወረድነው። የጎማውን አየር ደግሞ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ለካን፤ መጠኑም ለሁለት ሰው ተብሎ በመመሪያው የተጻፈው ነው። ሰንሰለትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባዶ ሞተር ሳይክል ላይ ልክ የመሰለው ሰንሰለት ጭነት ሲጨመርና ሞላው ሲታመቅ ተወጥሮ ኩሽኔታ ሊበላ ይችላል።

ሁለተኛው ክርክር የባሰ ነበር፦ ማን ይቅደም? በቤታችን በማንኛውም ነገር አባቴ ይቀድማሉ። በመንገድ ላይ ግን የዕድሜ ተራ አይሠራም። ልምዱ አነስተኛ የሆነው ሰው መጨረሻ ከተተወ ፊተኞቹን ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል፤ ከፊት የሚመራው 80 ላይ ረጋ ብሎ ሲሄድ እርሱ 100 ይገባል። ስለዚህ እህቴን መካከል አስገባናት፤ እኔ ፊት ሆንኩ፣ ለአባቴ የቀረላቸው ኋላ ነው። «እኔ ጅራት ልሁን?» ብለው ተቆጡ። «አባዬ፣ ከፊት ያለው መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከኋላ ያለው ሁላችንንም ያያል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እረኛም ከከብቱ ኋላ ነው የሚሄደው» አሉ። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

አካሄዳችን ቀላል ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አንዱ በመስመሩ ግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ ሆኖ እንሄዳለን፤ ኩርባና ጠባብ መንገድ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ይገባል። ከፊት ካለው ጋር ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት እንጠብቃለን፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 44 ሜትር ያህል ነው። እህቴ «ይህ ሁሉ ክፍተት ለምን?» ስትል አባቴ በባዶ ሜዳ ላይ አሳዩአት፦ በ30 ፍሬን ይዘው ቆሙ፣ በ60 ይዘው ቆሙ፤ የጎማውን ምልክት በእርምጃ እንድትለካ አደረጓት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በእግር የተለካ ነገር ደግሞ ክርክር አያስነሣም። መታጠፊያ ላይ ያለን ደንብ ደግሞ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ነጂ ከኋላው ያለውን በመስታወት እስኪያይ ድረስ መታጠፊያውን አይለቅም። ስልክ ሳይደወል ማንም አይጠፋም።

አሁን ወደ መደባበቁ ልመለስ። «ደከመዎት?» ለሚለው ጥያቄ በቤተሰብ ውስጥ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ኧረ በፍጹም!» ስለዚህ ጥያቄውን ተውነውና በሰዓት መቆም ጀመርን። ሰዓት ከሩብ በሞላ ቁጥር፣ የደከመም ያልደከመም፣ ሁሉም ይቆማል፤ ሄልሜት ይወልቃል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጎማና የዕቃ ማሰሪያ በዓይን ይታያል። ከዚያ በተረፈ እያንዳንዳችን ስንደክም የምናሳየውን ምልክት አጠናን። አባቴ ሲደክማቸው መኪና ቀድመው ከተመለሱ በኋላ ፍሬቻ ማጥፋት ይረሳሉ። ከኋላ ስለሆኑ ያቺ ቢጫ መብራት በመስታወቴ ውስጥ ብልጭ ድርግም ስትል ከሩቅ ትታየኛለች። እህቴ የፍሪሲዮን እጇን ከመሪው አንሥታ ማራገብ ትጀምራለች። እኔ ደግሞ ባለቤቴ እንደምትለው መልስ መስጠት አቆማለሁ፤ እርሷ ስታወራ «እ» ብቻ ካልኩ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ከፊት የሚመራው «ውኃ ጠማኝ» ብሎ ያቆማል። ማንም ስለ ማንም ድካም አያነሣም። አባቴ ይህን ዘዴ እንደነቁበት እጠረጥራለሁ፤ አንድ ቀን «ዛሬ ውኃ ጥምህ በዛ» አሉኝና ዛፍ ጥላ ሥር ተኙ። እንቅልፍ እንቅልፍ ለሚለው ሰው ሃያ ደቂቃ ማሸለብን የሚተካ ነገር የለም፤ ቡና ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለብቻዬ ብሆን በቀን 500 ኪሎ ሜትር በምነዳበት መንገድ ላይ ለቤተሰቡ 300 የያዝኩትም ለዚህ ነው።

ነዳጅ ደግሞ በትንሹ ሞተር ሳይክል ይሰላል። የእህቴ 11 ሊትር ይይዛል፣ በሊትር 28 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በወረቀት ላይ ከ300 ያልፋል። ጭነት፣ ዳገትና የፊት ነፋስ ሲጨመሩበት ግን ያ ቁጥር ይከዳል። ስለዚህ 200 ላይ ሁላችንም እንሞላለን። ከፍታም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ትልቁ ሞተር ሳይክል ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ ትንሹ ግን ዳገቱ ላይ ማርሽ እየቀነሰ ያቃስታል። ፍጥነቱን መወሰን ያለበት እርሱ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳገታማ መንገድ ዳር፣ ጠጠር በፈሰሰበት ቦታ ላይ ስንቆም እህቴ ቀኝ እግሯን ስትዘረጋ መሬቱን ዝቅ ብሎ አገኘችው። ሞተር ሳይክሉ ቀስ ብሎ፣ ሊያስቆሙት በማይቻል ሁኔታ፣ በቀኝ ጎኑ ተኛ። እርሷ ምንም አልሆነችም፤ የተሰበረው አንድ መስታወት ብቻ ነው። ባለቤቴ ወርዳ ወደ እርሷ ሮጠች፤ እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። አባቴ ግን አልመጡም። ሞተር ሳይክላቸውን ወደ ኋላ፣ ከኩርባው ማዶ ወስደው፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረጉ፣ በእጃቸው መኪና እያስቀነሱ ቆመው ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት መኪና ከኩርባው ብቅ አለ፤ ፍጥነቱን ቀንሶ በጎናችን አለፈ።

የወደቀ ሞተር ሳይክል ማንሣትም ጥበብ ይፈልጋል። ማርሽ ውስጥ አስገባነው፣ እንዳይንሸራተት። በቀኝ ስለወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድመን አወጣን፤ ያለዚያ ሲነሣ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል። እህቴ ጀርባዋን ለመቀመጫው ሰጥታ ቁጢጥ አለች፤ አንድ እጇ መሪውን፣ ሌላው ከኋላ ያለውን መያዣ ያዘ። ወገቧን ሳታጎብጥ በእግሯ ብቻ እየገፋች፣ ጥቃቅን እርምጃ ወደ ኋላ እየተራመደች ብቻዋን አቆመችው። ከቁጣዋ ግማሹ እዚያው ቀረ። የቀረውን አባቴ ላይ አወረደችው፦ «ልጅዎ ወድቃ እርስዎ መኪና ያስቆማሉ?» እርሳቸውም መለሱላት፦ «አንቺን የሚያነሡ ሁለት ነበሩ፤ መኪናውን የሚያስቆም ግን ማንም አልነበረም።»

ከዚያ ወዲያ ድርሻችን ተጻፈ፦ ቅርብ ያለው ወደ ሰውየው፣ ሁለተኛው ሞተርና ነዳጅ ወደ መዝጋት፣ የመጨረሻው ወደ ኋላ፣ ወደ መንገዱ። የወደቀ ሰው እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን ማንም አያወልቅም፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሄልሜት ማድረግን በተመለከተ ግን በቤታችን ድርድር የለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የመድኃኒት ነገር የቤተሰብ ጉዞ ልዩ ጣጣ ነው። የአባቴ የደም ግፊት ክኒን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በራሳቸው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሻንጣና ሰው ሊለያዩ ይችላሉና። የደም ዓይነት፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የማይስማማቸው ነገር የተጻፈበት ወረቀት በእያንዳንዳችን ደረት ኪስ ውስጥ አለ። 

ብርድና ሙቀት ሰው ከሚገምተው በላይ ያታልላሉ። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ በነፋስ ፊት ያለ ገላ ላይ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን የሚይዘውም ይዘገያል። ቆላ ሲገባ ደግሞ ጃኬት መክፈት ያስመኛል። አየሩ ከገላ ሙቀት ሲበልጥ ግን ነፋሱ ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ካናቴራን በውኃ ነክሮ ከጃኬት ሥር መልበስ ይሻላል።

ሄልሜት ውስጥ የሚገባውን የብሉቱዝ መነጋገሪያ ሁላችንም ገጠምን። ጠቃሚ ነው፤ ጠጠር አለ፣ ከብት አለ፣ መኪና እየቀደመ ነው ለማለት። ነገር ግን የቤት ጉዳይ በእርሱ እንዳይነሣ ወስነናል፤ ኩርባ ላይ ያለ ሰው ከአማቱ ጋር ስላለው ቅሬታ መልስ መስጠት የለበትም። የጆሮ መድፈኛም እናደርጋለን፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲደበድብ ከድካሙ ትልቁን ድርሻ የሚያመጣው እርሱ ይመስለኛል።

ስንመለስ ሁሉም ያስቸገረውን በተራ ተናገረ። ባለቤቴ የእግር ማሳረፊያዋ ዝቅ እንዲልላት ፈለገች፤ ጉልበቷ ለረጅም ሰዓት ሲታጠፍ ይደነዝዛል። አባቴ ጠዋት ጠዋት መቆም በዛ አሉ፤ ጠዋት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ተራዘመ፣ ከሰዓት በኋላው እንደነበረ ቀረ። እህቴ በቀጣዩ ጉዞ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መምራት ትፈልጋለች። ፈቀድንላት፤ እኔ መካከል እገባለሁ። ለአባቴም ፊት ይሻላቸው እንደሆነ ጠየቅናቸው፤ «ኋላውን ለማን ልተወው?» አሉን።