የኳሱ ገንዘብ የማን ነው? በአንድ የድሬዳዋ ኮሌጅ የስፖርትና የክበባትን በጀት ከመሰረዝ እንዴት እንዳዳንን

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር የግል ኮሌጆች ክፉኛ ደነገጡ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከግል ተቋማት ከቀረቡት 72,203 ተማሪዎች ደግሞ የማለፊያውን 50 ከመቶ ያገኙት 12,422 ብቻ ናቸው። እኔ የተማሪዎች ዲን ሆኜ የምሠራው ድሬዳዋ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ስለሆነ፣ የዚያ ቁጥር ክብደት በቀጣዩ የበጀት ስብሰባችን ላይ እንዴት እንዳረፈብን አውቃለሁ። መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ የስፖርትና የክበባት በጀት ይሰረዝና ለቱቶሪያል፣ ማለትም ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ ይዋል የሚል ነበር።

ሐሳቡን ያቀረቡት የአካዳሚክ ዲናችን ናቸው። ስፖርት የሚጠሉ ሰው አይደሉም። "ተማሪው የሚከፍለን ዲግሪ ይዞ ሊወጣ ነው፤ ፈተናውን ካላለፈ ደግሞ ዲግሪ የለም። ታዲያ በየትኛው ልባችን ነው ኳስ የምንገዛለት?" አሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ስለ ጤናማ አካልና ስለ ጤናማ አእምሮ የተለመደውን ንግግር ማድረግ እችል ነበር፤ ነገር ግን በገንዘብ ለተጠየቀ ጥያቄ መልሱም በገንዘብ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን ጊዜ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ።

ያለፉትን ዓመታት የወጪ ደረሰኞች ከሒሳብ ክፍል አስወጥቼ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አሰፈርኋቸው። ከእያንዳንዱ ወጪ አጠገብ በጽሕፈት ቤታችን ተጠይቆ የማያውቅ ነገር ጻፍሁ፤ በዚህ ገንዘብ የተጠቀሙት ስንት ተማሪዎች ናቸው? ከእነዚህ ውስጥ የቀን፣ የማታ፣ ሴት፣ ወንድ ስንት ስንት ናቸው? ሰንጠረዡ ሲያልቅ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው ለተመረጠው የእግር ኳስ ቡድን ጉዞ ነው፤ ማሊያ፣ ቱታ፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አበል። ሁለተኛው ደግሞ "ማኅበራዊ ጉዳይ" በሚል ስም በምረቃ ሰሞን የሚወጣው ነው፤ ድንኳን፣ የድምፅ መሣሪያ፣ የክብር እንግዶች ምሳ። በዚያው ዓመት ተማሪው በየቀኑ የሚጫወትበት የመረብ ኳስ መረብ ግን መሐሉ ተቀዶ በሲባጎ ተቋጥሮ ነበር። ቋጠሮው በየጨዋታው ይፈታል፤ የሚቀርበው ልጅ መልሶ ይቋጥረዋል። ለአዲስ መረብ ግዢ የቀረበው ጥያቄ "በጀት የለም" ተብሎ ተመልሷል።

ስለዚህ ከአካዳሚክ ዲኑ ጋር ገና ከጅምሩ ተስማማን። እርሳቸው የተቃወሙት ወጪ እኔም የማልከራከርለት ሆኖ ተገኘ።

የእኛን ነገር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ማነጻጸርም ረድቶኛል። እዚያ ገንዘቡ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይመጣል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ተማሪውም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ድርሻውን የሚከፍለው ከተመረቀ በኋላ ነው። የስፖርት ወጪው ከማን ኪስ እንደወጣ በዓይን አይታይም። እኛ ዘንድ ግን ከፋዩ በሬጅስትራሩ መስኮት ፊት የባንክ ደረሰኝ ይዞ ቆሟል። እያንዳንዱ ብር ባለቤት አለው።

ይህን በደንብ ያስረዳችኝ አንዲት የማታ ተማሪ ናት። ቀን ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ስለ በጀቱ የማታ ተማሪዎችን ሰብስቤ ሳወያይ እጇን አውጥታ፣ "መምህር፣ እኔ ሱቁን ዘግቼ በባጃጅ ክፍል የምደርሰው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። ኳሱን የሚጫወቱት የቀን ልጆች ናቸው፤ የከፈልሁት ግን እኩል ነው" አለች። ክፍሉ በሙሉ ደገፋት። ልክ ነበረች። የሠራተኛን ገንዘብ ወስዶ ለማይጫወትበት ሜዳ ማዋል፣ በየትኛውም ጥሩ ስም ቢጠራ፣ ፍትሕ አይደለም። የስፖርት መዋጮው ከማታ ተማሪዎች የምዝገባ ክፍያ ላይ እንዲሰረዝ፣ መጫወት የሚፈልግ ግን ከፍሎ እሑድ ጠዋት በሚከፈተው ሰዓት እንዲገባ ሐሳብ አቀረብሁ። ሒሳብ ክፍል ገቢ ይቀንሳል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። ቀንሷልም። ጉድለቱን የሞላነው የቡድኑን የሩቅ ጉዞና የእንግዶቹን ምሳ በመሰረዝ ነው። ከማታ ተማሪዎች መካከል በፈቃዳቸው ከፍለው እሑድ የሚመጡት አልጠፉም፤ እንዲያውም ሰዓት አክባሪዎቹ እነርሱ ሆኑ።

ቀጥሎ ያጋጠመን የሜዳ ጉዳይ ነው። ኮሌጃችን እንደ ብዙዎቹ በኪራይ ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ሜዳ የለውም። ተማሪዎቹ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ በነጻ እንጫወት አሉ። በጋ ላይ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱበት ማየት የተለመደ ነው። ይህን ግን በፍጹም አልፈቀድሁም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ የሐረርጌ ደጋ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውኃው ሊመጣ ይችላል። ተማሪን በኮሌጅ ስም እዚያ ማሰማራት አይቻልም። በአቅራቢያችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳውን ሊሰጠን ፈቃደኛ ሆነ። በምትኩ የፈለገው ከኪራይ ይልቅ የኮምፒውተር ክፍሉን የሚጠግንለት ሰው ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን በመምህራቸው እየተመሩ ጠገኑለት፤ ለእነርሱም የተግባር ትምህርት ሆኖ ተቆጠረላቸው። የአካዳሚክ ዲኑ በዚህ ስምምነት ላይ በደስታ ነው የፈረሙት።

ሜዳው ከተገኘ በኋላ ግን ዋናው እጥረት ሰዓት መሆኑን አየን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ፀሐይ ሳይከር በማለዳ ካልሆነ ወይም ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ካልሆነ ማንም ሮጦ አይጫወትም። ቱቶሪያሉም የተመደበው በዚያው በዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር። በብር ስንጨቃጨቅ የከረምነው ሁላችንም አንዷን ቀዝቀዝ ያለች ሰዓት ስለምንፈልግ ነበር ለካ! ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለቱቶሪያል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለጨዋታ ብለን ከፈልናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሁለቱን ቀን በሚገባ የተጫወተ ተማሪ እዚያ ይደርሳል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ስብሰባ ላይ ስንነጋገር ተማሪው ኳሱን ቢተው መጽሐፍ የሚያነሣ እናስመስለዋለን። የከተማችንን ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ምሳ ተበልቶ በርጫ፣ ማለትም ጫት ለመቃም፣ ከተቀመጡ እስኪመሽ የሚነሣ የለም፤ ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨዋታ ያለበት ልጅ ግን ይነሣል። ኳሱ የሚፎካከረው ከዚህ ጋር ነው።

በክፍላተ ትምህርት መካከል ለሚደረገው ውድድር የመሳተፊያ ደንብ ያመነጩት አካዳሚክ ዲኑ ናቸው፤ ቱቶሪያል ያልተከታተለ አይሰለፍም። መጀመሪያ ያሰቡት በውጤት እንዲሆን ነበር። እኔ በውጤት መሆኑን ተቃወምሁ፤ ዝቅተኛ ውጤት ያለውን ልጅ ከጓደኞቹ ነጥሎ ማባረር ከኮሌጁ ጭምር እንዲርቅ መግፋት ነው። በመገኘት እንዲሆን ተስማማን። የቡድን አለቆች የጓደኞቻቸውን የስም መቆጣጠሪያ ራሳቸው እየዞሩ ማየት ጀመሩ፤ አጥቂው እንዳይቀርባቸው ከመኝታው ቀስቅሰው ክፍል ያደርሱታል።

ለሴቶች የከፈትነው የመጀመሪያው ምዝገባ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተመለሰ። "ፍላጎት የላቸውም" ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር፤ እኛ ግን ሄደን ጠየቅናቸው። ሜዳው ከመንገድ ይታያል፣ ሲመሽ ወደ ቤት መመለስ ያስቸግራል፣ አሠልጣኙ ወንድ ነው አሉን። በወጣት ማዕከል ውስጥ በሩ የሚዘጋ አዳራሽ በጠዋት ተከራየንላቸው፤ ከተመራቂዎቹ አንዷ አሠልጣኝ ሆነች፤ መረብ ኳስና የጠረጴዛ ቴኒስ ተጀመረ። ከስፖርት ወጪያችን ሁሉ ለአንድ ሰው ሲካፈል ውዱ ይህ የአዳራሽ ኪራይ ነው። ይቀነስ ቢባል በመጨረሻ የምነካው እርሱን ነው።

በረመዳን ውድድሩ ይቆማል። በዚያ ወር የምንቆጥበውን የዳኛ አበል ለጋራ አፍጥር አዋልነው። ቀንም ማታም የሚማረው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀመጠ፤ ታይዋን ገበያ የምትሠራዋ ተማሪም ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ሾርባ ስታድል አየኋት። በማኅበራዊ ጉዳይ ስም ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ ብዙ ተማሪ የደረሰ የለም።

ከዚያ ወዲህ የመውጫ ፈተና ውጤታችን ተሻሽሏል። ኳስ አሻሻለው አልልም፤ ያሻሻለው ቱቶሪያሉና የመምህራኑ ድካም ነው። እኔ የምመሰክረው ስፖርቱ ውጤቱን እንዳልጎዳው፣ ቱቶሪያል ላይ የሚገኘውም ተማሪ ደንቡ ከወጣ በኋላ እንደበዛ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር የሚጠብቀው የሥራ ባልደረባ ካለ፣ ወደ ስብሰባው ከመግባቱ በፊት ደረሰኞቹን ይዞ ስንት ሰው እንደተጠቀመባቸው ይቁጠር፤ ከዚያም የተቃዋሚውን የሰዓት ሰሌዳ ይመልከት። እኛ በየሴሚስተሩ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ አድርገን ከሬጅስትራሩ መስኮት አጠገብ እንለጥፋለን፤ ተማሪዎች ቆመው ያነቡታል፣ ያልገባቸውንም ይጠይቃሉ።

የተቀየሙን የቀድሞው የተመረጠ ቡድን ልጆች ናቸው። ማሊያ ለብሶ ሌላ ከተማ መሄድ ለወጣት ትልቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ያገኘንላቸው መፍትሔ ሐረር ነው። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ አልጋም አበልም የለበትም። እዚያ ካለ አንድ ኮሌጅ ጋር ተራ በተራ ለመስተናገድ ተስማምተናል። የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 1 ተሸነፍን። የመልሱ ጨዋታ ወጪ በዚህ ሴሚስተር በጀት ውስጥ ገብቷል፤ ያጸደቁትም አካዳሚክ ዲኑ ናቸው።