ከ«እርሱ» ወደ «አንተ»

አባባ መዝሙረ ዳዊትን የሚደግሙት በግዕዝ ነው። ልጅ ሆነው ጎጃም ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማሩ አብዛኛውን በቃላቸው ይወጡታል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ግን ሁለት ዓመት ሆነው። መሃል ላይ የሚጠፋቸው ቦታ በዛ። ስለዚህ እኔ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከሥር ከሥሬ በግዕዝ ያንሾካሹካሉ።

ዳዊት በየቀኑ የተከፈለ ነው። አሥር አሥሩ መዝሙር «ንጉሥ» ይባላል፤ 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ይሆናል። የሰኞ ከ1 እስከ 30 ነው፣ ሦስት ንጉሥ። አንዱን ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ የቀረውን ማታ እናደርሳለን።

እስከዚያ ድረስ ለእኔ ማንበብና መጸለይ ለየቅል ነበሩ። ስልኬ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት የሚያስጨርስ ፕሮግራም ነበረኝ። የዕለቱን ምዕራፍ አነብና ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ዘግቼ እቆምና ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ልጄ ፈተና እለምናለሁ። ካነበብኩት አንድ ቃል እንኳ ወደ ጸሎቴ አይሻገርም ነበር። እግዚአብሔር ሲያናግረኝ ቆይቶ እኔ ሌላ ወሬ እጀምርበታለሁ።

አንድ ሰኞ ማታ 22ኛው ላይ ደረስን። (ስልኬ ላይ 23 ነው። ዳዊት ላይ 9ኛውና 10ኛው እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር በአንድ ያንሳል።) «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» ብዬ በለመድኩት ፍጥነት አንብቤ ጨረስኩ።

«እርሱ ማለቱን የቱ ላይ ነው የተወው?» አሉኝ አባባ።

አልገባኝም። ተመልሼ አነበብኩት። ያሳድረኛል፣ ይመራኛል፣ መራኝ ይላል። ስለ እግዚአብሔር ለሌላ ሰው እያወራ ነው። የሞት ጥላ ጋ ሲደርስ ግን «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል።

«እስመ አንተ ምስሌየ» አሉ አባባ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

ይህን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያቺን መታጠፊያ ግን አይቻት አላውቅም። ለምለሙ መስክ ላይ ስለ እረኛው ያወራል፤ ሲጨልምበት እረኛውን ራሱን ይጠራዋል።

አሁን ሌላውንም ሳነብ «አንተ» የምልበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ወንጌልም ቢሆን። ማርቆስ 10 ላይ ጌታ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ይለዋል። እዚያው ቆም ብዬ እኔ እንደተጠየቅሁ እመልሳለሁ። አንዳንዴ መልሱ ይጠፋኛል። ያን ቀን ከዚያ አላልፍም።

ሐሙስ ይከብደኛል። 87ኛው አለ። አብዛኛው የለቅሶ መዝሙር ወደ ማብቂያው ምስጋና ያገኛል፤ ይኼ ግን ጨለማ ውስጥ እንዳለ ነው የሚያልቀው። በፊት ቶሎ ብዬ ወደ 88 አልፍ ነበር። አምና ክረምት ቤሩት ያለችው እህቴ ስልኳ ጠፋ። ሦስት ወር ሙሉ። «ጠብቃት» ካልኩ በኋላ የምለው አልነበረኝም፤ የራሴ ቃል አለቀብኝ። 87 ግን ቃል ነበረው። ሌሊትና ቀን መጮኽን፣ ወዳጅ መራቅን፣ «ለምን ፊትህን ትሰውራለህ?» ማለትን ሁሉ። እኔ በየቁጥሩ ቆም እላለሁ፤ አባባ የእህቴን ክርስትና ስም ይጠራሉ። እንዲህ እያልን ሐሙስን በሐሙስ ላይ አሳለፍን።

በጥቅምት ደወለች። ሰላም ናት፤ አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች። ባለፈው ሐሙስ 87 ላይ ስንደርስ ግን አባባ እንደዚያን ጊዜው ስሟን ጠሩ። ቀጥለውም የማላውቃቸውን ሁለት ሌሎች ስሞች ጠሩ።

«ቀጥዪ» አሉኝ።