ድምሩ ልክ፣ ውስጡ ስህተት፦ የዕድሜ ሠንጠረዥ ልምምዴ

ሰላም የልምምድ ጓደኞቼ። አማካይ ዕድሜ በሁለት ጊዜያት መካከል የተለወጠው በየትኞቹ የሞት ምክንያቶች እንደሆነ በሚያሳየው ግራፌ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ የቀረችብኝ ቦታ ትናንት ማታ ሞላች፤ ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

ጅማሬዬን ባጭሩ፦ «አማካይ የዕድሜ ጣሪያ» የሚለው አጠራር ብዙ አሳስቶኛል። ጣሪያ አይደለም። የዘንድሮው የሞት ምጣኔ በየዕድሜው ባለበት ቢቀጥል፣ ዛሬ የተወለደ ሕፃን በአማካይ የሚኖረው ዓመት ነው። ይህ የሚሰላበትን፣ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞትና እንደሚተርፍ የሚያሳየውን የዕድሜ ሠንጠረዥ መሥራት ብዙም አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የሁለት ጊዜያትን የአማካይ ዕድሜ ልዩነት ለሞት ምክንያቶች ማከፋፈሉ ነው። የያዝኩት የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ኤድዋርዶ አሪያጋ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዘዴ ነው፦ መጀመሪያ እያንዳንዱ የዕድሜ ክልል ስንት ዓመት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይሰላል፤ ከዚያ ያ ውጤት፣ በሞት ምጣኔው ለውጥ ውስጥ ባላቸው ድርሻ ለየምክንያቱ ይከፋፈላል።

ለልምምድ በፈጠርኳቸው ቁጥሮች፣ ከ50 እስከ 54 ባለው ክልል ከ1000 ሰው በተላላፊ በሽታ የሚሞተው ከ3.00 ወደ 1.50 ወርዷል። በልብ ሕመም የሚሞተው ከ2.00 ወደ 3.51 ወጥቷል። ሌላው 3.00 ላይ ቆሟል። ጠቅላላው እንግዲህ ከ8.00 ወደ 8.01 ነው። በተላላፊ በሽታ መሞት በግማሽ ቀንሶ እያለ ግራፉ ላይ ምንም የለም! ድምሩ ደግሞ ከጠቅላላው ልዩነት ጋር ልክክ ይላል፤ ያዘናጋኝም እሱ ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በወረቀት ሳሰላው ነው። የዕድሜ ክልሉን ውጤት ቀድሜ አጠጋግቼው ኖሯል። −0.001 ዓመት የነበረው 0.00 ሆነ፤ የተላላፊ በሽታ ለውጥ (1.50) የጠቅላላው ለውጥ (0.01) 150 እጥፍ ነው፤ ዜሮ ደግሞ በ150 ቢባዛም ያው ዜሮ ነው። ማጠጋጋቱን ሳነሳ ተላላፊ በሽታ መቀነሱ 0.15 ዓመት ያህል ጨመረ፣ የልብ ሕመም ያንኑ ያህል መልሶ ወሰደው።

እስከ መጨረሻዋ መስመር አታጠጋጉ። አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሳትሠሩም ዝግጁ ፕሮግራም አትንኩ። የሁለቱ ጊዜያት ጠቅላላ የሞት ምጣኔዎች ፍጹም እኩል ከሆኑ ግን ለዜሮ ማካፈል ይመጣል፤ እኔ አንዱን በኢምንት ቁጥር ከፍ አድርጌ አልፈዋለሁ። ንጹሕ መንገድ አይደለም። ምጣኔዎቹን አንድ በአንድ እየተኩ ሠንጠረዡን ደጋግሞ ማስላት ይሻላል፤ ገና አልሞከርኩትም።

«ካንሰር ቢጠፋ ስንት ዓመት እናተርፋለን?» የሚለውን ስሌት አልወደውም። ከካንሰር የተረፈ አዛውንት ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሕመም ይወስደዋል። የሒሳብ ሊቁ ዳንኤል በርኑሊ በ1760 እ.ኤ.አ. ለፈንጣጣ ሲያሰላው አማካይ ዕድሜን ከ26 ዓመት ከ7 ወር ወደ 29 ዓመት ከ9 ወር ያደረሰው፣ ፈንጣጣ በብዛት ልጆችን ይገድል ስለነበር ነው።

ምክንያታቸው በውል ያልተመዘገበ ሞቶችን ለጊዜው «ሌሎች» ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ብዛታቸው በሁለቱ ጊዜያት ከተለያየ የልብ ሕመምን ውጤት እንደሚያዛባ አውቃለሁ፤ ቀጥዬ የምይዘው እሱን ነው።