ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የጀልባ ሞተርን የሚጎዳው ሲቆም ነው

ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለው አልኮል፣ ኢታኖል፣ የጀልባ ሞተር ይገድላል የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ከጀልባ ጀርባ የሚታሰረው ሞተር፣ አውትቦርድ የምንለው፣ በየሳምንቱ የሚሠራ ከሆነና ቤንዚኑ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ኢታኖል ካለው ብዙም የሚያሰጋ ነገር የለም። ያማሃም፣ ሜርኩሪም፣ ሱዙኪም፣ ሆንዳም አሁን ለሚሠሯቸው ሞተሮች ኢ-10ን፣ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን፣ ይፈቅዳሉ። ጥፋቱ የሚመጣው ነዳጁ ታንክ ውስጥ ወራት ሲተኛና ውሃ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ከነዳጁ ዓይነት ይልቅ ነዳጁ የቆየበትን ጊዜና የገባበትን ውሃ መቆጣጠር ይበልጣል።

ኢታኖል ውሃ ይወዳል። ኢ-10 በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከመጠኑ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። 100 ሊትር በሚይዝ ታንክ ይህ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ውሃው ከነዳጁ ጋር አብሮ ገብቶ ስለሚወጣ ሞተሩ አያስተውለውም፤ እንዲያውም ይህ የኢታኖል ደግ ጎኑ ነው። ገደቡ ሲታለፍ ግን ውሃው ኢታኖሉን ከቤንዚኑ ነጥቆ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ታንኩ ውስጥም ሁለት ንብርብር ይፈጠራል። ቅዝቃዜ ሲጨምር የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ቀን ንጹሕ የነበረ ነዳጅ ሌሊት በቅዝቃዜ ሊለያይ ይችላል።

የነዳጅ መሳቢያው ቱቦ ደግሞ ከታንኩ ወለል አጠገብ ነው የሚያልቀው። ሞተሩ መጀመሪያ የሚጠጣው ያንን የታችኛውን የውሃና የአልኮል ድብልቅ ነው። አንዳንዱ ጨርሶ አይነሳም፣ አንዳንዱ ተነስቶ መሀል ውሃ ላይ ይጠፋል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቀርብለት ቱ ስትሮክ ሞተር ከሆነ ጉዳቱ ይከፋል፤ ዘይቱ ከላይኛው ቤንዚን ጋር ስለሚቀር የታችኛው ንብርብር ያለ ዘይት ይገባል፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ይፋፋቃሉ። የታችኛውን ደፍቼ የላይኛውን ልጠቀምበት ማለትም አያዋጣም። ኦክቴኑን፣ ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበትን ልክ፣ ከፍ ያደረገው ኢታኖሉ ነበርና እሱ ሲወጣ የቀረው ቤንዚን ሁለት ሦስት ነጥብ ያህል ይወርዳል፣ ሞተሩም ጭነት ሲበዛበት ያንኳኳል። ለይቶ የጨረሰን ነዳጅ መልሶ የሚያዋህድ መድኃኒት በጠርሙስ ታሽጎ አይሸጥም። የሚበጀው ታንኩን በሙሉ ማራገፍ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከአየር ነው ይላል። በአየር ማስገቢያው በኩል እርጥበት መግባቱ እውነት ቢሆንም በጣም አዝጋሚ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የነዳጅ መሙያውን ክዳን ነው፤ የጎማ ቀለበቱ፣ ኦሪንጉ፣ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ዝናብና የማጠቢያ ውሃ በዚያ ይንቆረቆራል። ኦሪንጉ ርካሽ ነገር ነው፣ በየዓመቱ ይቀየር።

ነዳጁን ማየት ቀላል ነው። በእጅ ፓምፕ ከታንኩ ወለል ትንሽ ስቦ ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ማኖርና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። ጥርት ብሎ ከታየ ደህና ነው። ደፍርሶ ከታየ ገደቡ ላይ ደርሷል። መሀሉ ላይ መስመር ከታየ ተለያይቷል። የኢታኖሉን መጠን ለማወቅ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ምልክት ያለው መለኪያ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃና 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሮ ከድኖ መነቅነቅና እስኪረጋ ማስቀመጥ ነው። ኢታኖሉ ወደ ውሃው ስለሚሻገር የታችኛው ንብርብር ያድጋል። 10 የነበረው 19 ከሆነ የጨመረው 9 ነው፣ ይህም ከ90 ውስጥ 10 በመቶ ገደማ። አሥር ላይ ከቀረ ኢታኖል የለበትም። ይህ ሁሉ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ አየር ባለበት ቦታ ይሠራ።

ኢታኖል ማሟሟትም ያውቃል። ለዓመታት ያለ ኢታኖል ሲሠራ የኖረ ታንክ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ቅባትና ዝቃጭ አለው፤ ኢ-10 ሲገባ ያ ሁሉ ይለቅና ፊልትሮ ይዘጋል። ስለዚህ ነዳጅ ሲቀየር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታንኮች ቢያንስ ሁለት ትርፍ ፊልትሮ ጀልባው ላይ ይኑር። ውሃ የሚለየውን ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ በታንኩና በሞተሩ መካከል ያላስገባ ሰው ዛሬውኑ ያስገባ። ሲቀየር የጋስኬቱን ፊት ዘይት ቀብቶ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ የፋይበርግላስ ታንኮችን ግን ኢታኖል ራሳቸውን ያሟሟቸዋል፤ የሟሟው ሙጫ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የመግቢያ ቫልቮላዎች ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ታንክ ከመለወጥ በቀር መላ የለውም።

የጎማ ቱቦን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ይላቀቅና እንደ ክዳን ይታጠፋል። ሞተሩ በሚኒሞ በደንብ ይሠራል፣ ጋዝ ሲሰጠው ግን በነዳጅ እጥረት ይታፈናል። ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሸት፤ ጨርቁ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቱቦው ቤንዚን ማሳለፍ ጀምሯል ማለት ነው። አዲስ ሲገዛ ጀርባው ላይ ኤ1-15 ወይም ቢ1-15 የሚል ጽሑፍ ይፈለግ። ሞተሩ ወይም ታንኩ በተዘጋ ቦታ ውስጥ ካለ እሳት የሚቋቋመው ኤ1-15 ነው የሚያስፈልገው።

ካርቡሬተር፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ ያለው ሞተር ከሁሉ በላይ የሚሠቃየው ሲቆም ነው። ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሳህኑ ውስጥ ከቀረው ትንሽ ነዳጅ ቀለል ያለው ይተንና የሚጣበቅ ቅሪት ይተዋል፤ ውሃ ካለበት አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት፣ ናሱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። መጀመሪያ የሚደፈነው የሚኒሞው ጄት፣ ነዳጅ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ፣ ነው፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላምና። ምልክቱም ሞተሩ ቾክ ካልተሳበ በሚኒሞ አለመቆሙ ነው። ሲጸዳ ሽቦ አይገባበት፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ የነዳጁ ልክ ይዛባል። የካርቡሬተር ማጠቢያና የታመቀ አየር፣ ከዓይን መከለያ ጋር፣ ይበቃል።

ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው የአየርና የነዳጁን ድብልቅ ያሳሳል። ንጹሕ ቤንዚን በክብደት ለአንድ እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ አየር ሲፈልግ ኢ-10 14.1 ገደማ ይፈልጋል። ጄቱ የማይለወጥ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፣ በትንሹ እየሳሳ ይነዳል። በ10 በመቶ ሞተሩ ይችለዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሙቀቱ ይጨምራል። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ ታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ሪፖርት ኢ-15፣ 15 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን፣ እየተሰጣቸው 300 ሰዓት እንዲሠሩ የታሰቡ አውትቦርዶችን ውጤት ይዟል፤ የ300 ፈረስ ጉልበቱ የጭስ መውጫ ቫልቮላዎቹ ተሰበሩ፣ የ200 ፈረስ ጉልበቱ ቱ ስትሮክ ደግሞ ፒስተኑን ከሚገፋው ዘንግ፣ ከቢየላው፣ ጋር ያለው ኩሽኔታ ተበላሸ። በአሜሪካ ኢ-15 ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ መኪኖች ሲፈቀድ ለጀልባ የተከለከለ ነው። ማደያ ላይ ጀሪካን ሲሞላ የፓምፑን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። የጉልበቱ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ኢ-10 3 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል ስላለው 100 ሊትር ለሚፈጅ መንገድ 103 ያህል መያዝ ነው።

ሞተሩ ለወራት ሊቆም ከሆነ፣ ተንቀሳቃሹን ትንሽ ታንክ ጨርሶ ባዶ ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ነው። ዘይት ያልተቀላቀለበት ከሆነ ቤንዚኑ መኪና ታንክ ውስጥ ይገለበጣል። ጀልባው ውስጥ የተገጠመውን ታንክ ማራገፍ ስለሚያስቸግር 95 በመቶ ያህል ሞልቶ ለመስፋፊያ ትንሽ መተው፣ ከተገኘ የመጨረሻውን ሙሌት ኢታኖል የሌለበት ማድረግ፣ ነዳጁ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ማረጋጊያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ መጨመር። ሩብ ሞልቶ መተው ከሁሉ ይከፋል። የአየር መተንፈሻውን መድፈን ደግሞ አደገኛ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዣ ውሃ እየተሰጠው ሞተሩን 10 እስከ 15 ደቂቃ ማሠራት፤ አለዚያ ማረጋጊያው ታንክ ውስጥ ቀርቶ ካርቡሬተሩ አሮጌውን ነዳጅ እንደያዘ ይቆማል። ቀጥሎ የካርቡሬተሩን ሳህን በማፍሰሻ ብሎኑ በኩል ማድረቅ። በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክተር ያለው ሞተር ግን ቱቦ ተነቅሎ እስኪጠፋ እንዲሠራ መተው የለበትም፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፑን የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ነዳጁ ራሱ ነው። የዚህ ሞተር ማፍሰሻ ብሎን ትነት የሚለየው ትንሿ ታንክ ሥር ይገኛል።

ተመልሶ ሲነሳ፣ ቁልፍ ከመጠምዘዙ በፊት የፊልትሮውን ይዘት ማሰሮ ውስጥ ማየት ይቀድማል። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ፍጥነት ላይ ከታፈነ፣ አንድ ሰው እየነዳ ሌላው በእጅ የሚጨመቀውን የነዳጅ ፊኛ ይጭመቅ። ጉልበቱ ከተመለሰ ችግሩ ከታንኩ እስከ ሞተሩ ፓምፕ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ መተንፈሻው፣ ቱቦው፣ ፊልትሮው፣ ፓምፑ በዚሁ ተራ ይታዩ። ካልተመለሰ ካርቡሬተሩን ወይም ኢንጀክተሮቹን መክፈት ነው።