ኬላውና ሴፍቲኔቱ

አንድ ጥያቄ ሰሞኑን አልለቀቀኝም። መንግሥት እጁን ሲሰበስብና ሰው በራሱ ጉዳይ ነፃ ሲሆን ድህነት ይቀንሳል? ደሴ ላይ ቡና እየጠጣን ጓደኞቼ ተከራከሩበት። አንዱ «መንግሥት ከገበያ ይውጣ፣ የቀረውን ሰው ራሱ ያውቅበታል» አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «በ2008ቱ ድርቅ መንግሥት ባይኖር ወሎ ምን ይሆን ነበር?» አለችው። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት አቃተኝ። ስጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ።

ወሎ ተወልዶ ይህን ጥያቄ ከክፉ ቀን ነጥሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ አማርትያ ሰን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ አጥንቶታል። ያገኘው ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋው እንደሚገመተው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ የተራበው መግዣ ስላጣ ነው። ሰብሉ ከሰረ፣ ከብቱ ረከሰ፣ እጁ ላይ ምንም አልቀረም። እህሉ ደግሞ ብር ያለው ወዳለበት ሄደ።

እዚህ ላይ «መንግሥት ከገበያ ይውጣ» የሚለውን ጓደኛዬን አሰብኩት። ያኔ የእህል ኮታ አልነበረም። ነጋዴው ወደፈለገበት ይጭናል። መንግሥትም ለገጠሩ ሰው ትንሽ ነበር፤ መንገድ የለም፣ ጤና ጣቢያ የለም፣ ለችግር ቀን የሚደርስ መሥሪያ ቤት የለም። ለግብር ሲሆን ግን አይጠፋም። ረሃቡን ለመደበቅም አቅም አላነሰውም። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ የተጓዙ የወሎ ገበሬዎችን ፖሊስ መልሷቸዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረበት አገር የተራበ ሰው ማንን ይጠይቃል?

ከዚያ ደርግ መጣ። የካቲት 1967 መሬት ታወጀ። ባለመሬቱ ከጭሰኛው ትከሻ ላይ ወረደ። ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም፤ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ባለመሬቱ በወረደበት ትከሻ ላይ መንግሥት ወጣ።

ስለዚህ ዘመን የማውቀውን አብዛኛውን የነገረኝ አጎቴ ነው። ከባቲና ከከሚሴ ማሽላ፣ ከደጋው ገብስና ባቄላ እየሰበሰበ የሚሸጥ የእህል ነጋዴ ነበር። ባቲ ቆላውና ደጋው የሚገናኙበት ገበያ ነው። ሰኞ ሰኞ የአፋሩ ግመልና ጨው፣ የኦሮሞውና የአማራው እህል እዚያ ይገናኛል። አንዱ ዘንድ የጎደለው ሌላው ዘንድ አለ። የአጎቴ ሥራ ያንን ማገናኘት ነበር። በደርግ ጊዜ ይህ ሥራ ወንጀል ሊሆን ምንም አልቀረውም። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ያለ ፈቃድ የተጫነ እህል ይወረሳል። ገበሬው ደግሞ በቁርጥ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ እንዲያስገባ ይገደዳል። ሰብል ያልያዘለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። አጎቴ ይህን ሲናገር እስከ ዛሬ ድምፁ ይለወጣል። «ከልጆቹ ጉሮሮ እየነጠቀ ነበር የሚከፍለው» ይላል።

ሰባ ሰባት የመጣው በዚህ ላይ ነው። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ድምቀት ስታከብር ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር። ወሬው እንዳይወጣ ታፈነ። የሞተው ሰው ቁጥር በአገር ደረጃ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ቀጥሎ ሰፈራው መጣ። ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ተጓጓዘ፤ የሚበዛው ከወሎ ነበር። ፈቅዶ የሄደ አለ። ከገበያ መሃል ታፍሶ የተጫነም አለ። እህል ፍለጋ እንደወጣ የቀረ አባት ያላቸው ቤቶች እኛ ሰፈር አሉ።

እንግዲህ በ66 መንግሥት ለገበሬው ሩቅ ነበር፤ በ77 ጎተራው ውስጥ ገባ። ውጤቱ ግን ተመሳሰለ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የመንግሥት መጠን ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ጊዜ ገበሬው «አይሆንም» ማለት አይችልም ነበር። ርቦኛል ብሎ መጮህም አይችልም። ለእኔ ልኩን የሚያውቅ መንግሥት ማለት ትንሽ መንግሥት ማለት አይደለም። የሚጠየቅ መንግሥት ነው።

ሰን ራሱ ነፃ ጋዜጣና ምርጫ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ አይደርስም ይላል። ሕንድን ነው የሚጠቅሰው። ሕንድ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነፃ ከወጣች ወዲህ እንደ ወሎው ያለ እልቂት አላየችም። ቻይና ግን ከ1959 እስከ 61 በነበረው ረሃብ በአስር ሚሊዮኖች አጥታለች፤ የሚናገር አልነበረም። ይህ እውነት ነው። ግን ሕንድ እስከ 1991 ድረስ ነጋዴዋን በፈቃድ ብዛት አስራ ድሃ ሆና ቆየች። ቻይና ደግሞ በ1978 ሺያኦጋንግ የሚባል መንደር ውስጥ 18 ገበሬዎች የጋራውን መሬት በድብቅ ተከፋፍለው፣ ምርታቸው በአንድ ዓመት ሲያድግ፣ መንገዱን ለአገሪቱ ከፈቱ። የመናገር ነፃነት ከሞት ያድናል። የመሥራትና የመሸጥ ነፃነት ከድህነት ያወጣል። ወሎ በዚያ ዘመን ሁለቱንም አልነበራትም።

እኛም ትንሿን ሺያኦጋንግ አይተናል። በእኛው አቆጣጠር በ1982 የካቲት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ተነሳ። ገበሬው ማንንም ሳይጠብቅ በጋራ ያርስባቸው የነበሩትን የአምራቾች ማህበራት በሳምንታት ውስጥ በታተናቸው። በግዳጅ ከተሰባሰበበት መንደርም ብዙው ወደ ድሮ ማሳው ተመለሰ። ዛሬ ቃሉ ወረዳ ላይ ማሾ የሚዘራው ገበሬ ዝራ ተብሎ አይደለም። ዋጋ ስላየ ነው። ኬላው ግን መልኩን ቀይሮ አሁንም አለ። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው እህል ሲሻገር በየኬላው ገመድ የሚከፈለውን ገንዘብ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ገበሬውና እንጀራ የሚገዛው ሰው ነው። ይህ ያናድደኛል። ማንም ድሃ በገመድ አልተጠቀመም።

ያቺ ጓደኛዬ ያነሳችው ነገር ግን አለ። በ2008 ዝናብ ሲጠፋ እንደ ሰባ ሰባት ያለ እልቂት አልሆነም። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ነበር። መንገድ ነበር። እርከን የሠራ፣ ኩሬ የቆፈረ ድሃ በስንዴም በብርም ተከፍሎት ከብቱን ሳይሸጥ ከረመ። ይህን ገበያ ብቻውን አያደርገውም። በ66 አላደረገውም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተግባባንም፤ መሬት ላይ። እኔ ገበሬው መሬቱን መሸጥ ካልቻለ ነፃነቱ ጎደሎ ነው እላለሁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ ገብቶ ሱቅ መክፈት የሚፈልግ ወጣት ያለውን ትልቅ ሀብት ጥሎ መሄድ አለበት።

«አጎቴ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ እንዴት ይህን ይቃወማሉ?» አልኩት።

«ልጄ፣ በሰባ ሰባት በሬ በስንት እንደተሸጠ አይቻለሁ» አለኝ። «መሬትም የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዋጋ ይሄድ ነበር። ሰዉ ከሰፈራ ሲመለስ የት ይገባ ነበር?»

መልስ አጣሁ ማለት አልችልም። የተራበ ሰው የሚፈርመው ውል የነፃ ሰው ውል አይደለም፤ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ስለዚህ በችግር ቀን የሚደርሰው ሴፍቲኔት ይቅደም፣ የመሸጥ መብቱ ይከተል አልኩት። የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። ጥሩ ጅምር ነው። አጎቴ ግን ባንክን ከኬላ ለይቶ አያይም። «አብሽር፣ አንተ ታየዋለህ» ብሎኝ ለዙሁር ሶላት ተነሳ። ነገ እንቀጥላለን።