ከተማችን ያልደረሰውን ሕግ ያስተማርኩበት ዓመት

በ1992 ዓ.ም. ክረምት ናዝሬት ነበርኩ። ያኔ አዳማን በሠፈራችን የምንጠራት እንዲያ ነበር። ሥራ ገና አልያዝኩም። ሰኔ 27 ቀን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲታወጅ ግን እኔና ሦስት ጓደኞቼ እንቅልፍ አጣን።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችላለች። የቤቱ ራስ ባል ነው፤ ሚስት እንድትታዘዘው ሕጉ ራሱ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ባልና ሚስት እኩል ናቸው ካለ በኋላም ይኼ ሁሉ እንዳለ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይለወጥ ብሎ ሲወተውት የከረመው ለዚህ ነው። አዲሱ አዋጅ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው። ፍቺ የመወሰኑንም ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ።

አዲስ አበባ ሄጄ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነጋሪት ጋዜጣውን ገዛሁ። ፎቶ ኮፒ አስደረግነው። አዳራሽም ገንዘብም አልነበረንም። የሴቶች ዕድር ግን ነበር። ዳኛዋን ለመንናቸውና መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ ያለችውን ጊዜ ሰጡን።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። ስለ ጋብቻ ዕድሜ ገና መናገር ስጀምር አንዲት እናት አቋረጡኝ። «ልጄ፣ የኔ ልጅ ግንባር ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። አንቺ የሰርግ ነገር ታወሪኛለሽ?» አሉኝ። ከኤርትራ ጋር ተኩስ ማቆም የተፈረመው በዚያው በሰኔ ወር ነው። ለእሳቸው ግን ወሬ አልመጣላቸውም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት የነበረውን ደብዳቤ ፈቱት። እጥፋቱ ላይ ሊበጣጠስ ደርሷል። ስንት ሰው እንዳነበበላቸው እንጃ፤ እኔም አነበብኩላቸው። ከዚያ ሌላዋ መጡ፣ ሌላዋም። ያን ቀን ስለ ሕጉ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በቅድሚያ ደብዳቤ እናነባለን፣ መልስ እንጽፋለን፤ ሕጉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ሲፈረም ቡናው ላይ እልል ያለ አልነበረም። «ልጆቹ ይግቡ» ነው ያሉት፣ አንዷ ካንዷ እየተቀበሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እንጀራ የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ይደበድባቸዋል። መፋታት ፈለጉ። ሽማግሌዎቹ በሰርጋቸው ምስክር የነበሩት ናቸው፤ ሁለት ጊዜ «ታረቂ» ብለው መልሰዋቸዋል። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «እትዬ፣ አሁን ሽማግሌ ዘንድ መሄድ የለም፤ ቀጥታ ፍርድ ቤት ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። የአንድ ቀን ገበያቸውን ትተው፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ ከፍለው ሄዱ። ፍርድ ቤቱም መልሶ ወደዚያው ሽማግሌ ላካቸው።

የቤተሰብ ሕግ በየክልሉ የሚወጣ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ብቻ ነበር። እኛ ያለነው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ክልሉ የራሱን እስኪያወጣ ድረስ የሚዳኘን ያው የ1952ቱ ነው። አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የማን ሕግ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

እትዬ አልተቆጡኝም። «የቸኮልሽው ለኔ ብለሽ ነው» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሰውዬ ፍርድ ቤት መሄዳቸውን ሲሰማ ምን እንዳደረጋቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

በሚቀጥለው እሁድ ዕድሩ ፊት ቆሜ ተሳስቼ ነው አልኩ። ሁለት ሴቶች ያን ቀን ተነስተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው ሳናማክር ማንንም «እንዲህ አድርጊ» አላልንም። ወደ ፍርድ ቤትም ሆነ ወደ ሽማግሌ የምትሄድ ሴት ካለች አንዳችን አብረናት እንሄዳለን። ደጅ ላይ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ስታውቅ ድምጿ ራሱ ይለወጣል። ሌላው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ እናቶች ከኋላ ዝም ብለው ሲቀመጡ ገብቷቸው መስሎን ኖሯል። አንዷ ጓደኛችን በኦሮምኛ መናገር ስትጀምር ጥያቄው ከነሱ ወገን ጎረፈ። ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብን።

እትዬ በመጨረሻ በሽማግሌዎቹ በኩል ተፋቱ። ከዓመት በላይ ፈጀ። ጓደኛዬ በየቀጠሮው ከበር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር።

ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ቅጂው እጄ እንደገባ ወደ እትዬ ሄድኩ። ምጣዱ ላይ ነበሩ። እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ማንበብ አይችሉም።

«ይኼኛውስ የኛ ነው?» አሉኝ።

ጣታቸውን ይዤ ከላይ «ኦሮሚያ» የሚለው ላይ አሳረፍኩት።